ማሪስታን፦ መግቢያም መውጫም የነበረው ቤት



በሰፈራችን አንድ ወጣት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲተው፣ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ወይም «መኖር ሰልችቶኛል» ማለት ሲያበዛ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ መደበቅ ነው። በሩ ይዘጋል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅ ይቀነሳል። «ዐይን ነው» የሚልም አለ፣ «ሲሕር ነው» የሚልም አለ፣ «ኢማኑ ደክሞ ነው» ብሎ የሚደመድምም አይጠፋም። ሆስፒታል የሚለው ቃል የሚነሳው ሁሉም ነገር ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜም በሹክሹክታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል ይግባ» የሚለው ንግግር ስድብ ሆኖ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በአእምሮና በስሜት ችግር የተጨነቀን ሰው ተቀብሎ፣ አስተኝቶ፣ አክሞ ወደ ቤቱ መመለስ ከምዕራባውያን የተዋስነው አዲስ ነገር አይደለም። ሙስሊሞች ከሺህ ዓመት በፊት የሠሩት፣ ከወቅፍ ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ሥራ ነበር። ስሙም በፋርስኛ «ቢማሪስታን» ይባላል፤ የታማሚ ቤት ማለት ነው። በሕዝብ አፍ አጥሮ «ማሪስታን» ሆነ። ዛሬ የዚህን ቤት ታሪክ እናያለን፤ የሚያኮራውንም፣ የሚያሳፍረውንም።

◾ መነሻው፦ ዐቅል አማና ነው

ዑለማዎች የሸሪዓ ዓላማዎች ብለው ከቆጠሯቸው አምስት ነገሮች አንዱ ዐቅልን መጠበቅ ነው። ዐቅሉን ያጣ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር ከእርሱ እንደተነሳ በሐዲስ መጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዐቅሉ በታወከበት ጊዜ በፈጸመው አይወነጀልም፤ ሶላት ቢያመልጠው አይጠየቅም፤ ንብረቱን የሚጠብቅ ወሊይ ይሾምለታል። «እስኪመለስለት» የሚለውንም ልብ እንበል። ዲኑ ራሱ ይህ ሁኔታ ሊያልፍ የሚችል መሆኑን አስቦ ነው የተናገረው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ማዘዛቸው፣ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት መውረዱን መናገራቸው ደግሞ ለሐኪሞች በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

◾ የሮማኑ ታሪክ

በ870ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የግብጽ ገዥ የነበረው አሕመድ ኢብን ጡሉን ዛሬ ካይሮ በምንላት ከተማ ውስጥ ማሪስታን አሠራ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ የቤቱን ደንብ ጽፎልናል። ታማሚው ሲገባ ልብሱና ገንዘቡ ተወስዶ ለኃላፊው በአደራ ይሰጣል። የማሪስታኑን ልብስ ይለብሳል፤ አልጋ ይነጠፍለታል፤ ምግብና መድኃኒት ያለ ክፍያ ይቀርብለታል። አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት ሲችል እንደዳነ ይቆጠርና ልብሱና ገንዘቡ ተመልሶለት ይሸኛል።

እኛ ሰው አእምሮው ሲታወክ «ጨርቁን ጣለ» እንላለን። እነዚያ ሰዎች ጨርቁን አጥፈው ያስቀምጡለት ነበር። ልብስህን በአደራ የሚይዝልህ ሰው ተመልሰህ እንደምትለብሰው ያምናል።

ኢብን ጡሉን በየጁምዓው ራሱ እየሄደ መጋዘኑን፣ ሐኪሞቹንና ታማሚዎቹን ያይ ነበር። አንድ ቀን ዐቅላቸው የታወከ ሰዎች ያሉበት ክፍል ደረሰ። በሰንሰለት የታሰረ አንድ ሰው ተጣራ፤ «አሚር ሆይ! እኔ እብድ አይደለሁም፤ ተንኮል ተሠርቶብኝ ነው። ሮማን አምሮኛል» አለው። አሚሩ ሮማን እንዲመጣለት አዘዘ። ሰውየው ተቀብሎ ደስ አለው፤ በእጁ መዘነው፤ ከዚያ አሚሩ ሲዘናጋ ደረቱ ላይ ወረወረበት። የአሚሩ ልብስ ተበላሸ። ኢብን ጡሉን ሰውየውን በደንብ ጠብቁት ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሪስታኑን ሊጎበኝ ተመልሶ አልመጣም።

ታሪኩ ያስቃል። ነገር ግን ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን የአእምሮ ታማሚ ከሌላው ታማሚ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይታከም ነበር። ሁለተኛ፣ የአገር ገዥ ራሱ ሄዶ ያየው ነበር። ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱም እዚያው ነበር። ወደ ሰንሰለቱ እንመለስበታለን።

◾ ባግዳድ፦ ክረምት ሲመጣ ወደ ቤት

በባግዳድ በ982 ዐዱዱ ደውላ ያሠራው «አል-ዐዱዲ» ማሪስታን ሲከፈት 24 ሐኪሞች እንደነበሩት ይነገራል። ከዚያ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ከስፔን የተነሳ አንድ አይሁዳዊ መንገደኛ፣ የቱዴላው ቢንያም፣ ባግዳድን አይቶ ጻፈ። ስለ ማሪስታኑ የተናገረው ለርዕሳችን በጣም ይጠቅማል። በበጋው ከባድ ሙቀት ዐቅላቸው የታወከ ሰዎች ወደዚያ ይወሰዳሉ። በብረት ይታሰራሉ፤ ቀለባቸው ከኸሊፋው ቤት ይመጣል። የኸሊፋው ሰዎች በየወሩ እየመጡ አንድ በአንድ ይመረምሯቸዋል። ዐቅሉ የተመለሰለት ይፈታል፤ ወደ ቤቱም ይሄዳል። ብዙዎቹም ብርዱ ሲገባ ይመለሳሉ።

ይህን የጻፈው የኸሊፋው አገልጋይ ወይም የሙስሊሞች አወዳሽ አይደለም፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ እንግዳ ነው። የገረመውም የሕንፃው ውበት አልነበረም። የገረመው የወር ምርመራው ነው። አንድ ሰው ተቆልፎበት የሚረሳበት ቦታ ቢሆን ኖሮ በየወሩ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባልኖረ ነበር። የዛሬ ሐኪሞች «አጭር ጊዜ ተኝቶ መታከም» የሚሉት ነገር ፍሬ ሐሳቡ ይኸው ነው። ማዕበሉ እስኪያልፍ ድረስ ሰውየውን ከአደጋ መጠበቅ፣ ማከም፣ በየጊዜው መመርመር፣ ሲሻለው መሸኘት።

◾ ደማስቆ፦ መዝገቡ

ኑሩዲን መሕሙድ ዘንጊ (ረሒመሁላህ) በ1154 በደማስቆ በስሙ የሚጠራውን ማሪስታን አቆመ። በ1184 የደረሰው አንዳሉሳዊው መንገደኛ ኢብን ጁበይር የቤቱን አሠራር በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ሠራተኞቹ የታማሚዎቹን ስም፣ ለመድኃኒትና ለምግብ የሚያስፈልጋቸውን ወጪ የሚመዘግቡበት መዝገብ ነበራቸው። የቀን ወጪው 15 ዲናር ገደማ ነበር። ሐኪሞቹ በየጠዋቱ እየማለዱ ታማሚዎቹን ይጎበኛሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መድኃኒትና ምግብ ያዝዛሉ። ዐቅላቸው የታወከ ሰዎችም የራሳቸው ሕክምና አላቸው፤ ይሁንና ይታሰራሉ ይላል ኢብን ጁበይር። እንዲህ ያሉ ቤቶችንም ከኢስላም ታላላቅ ኩራቶች ቆጥሯቸዋል።

ኢብን ጁበይር በካይሮም ሰላሑዲን ያቋቋመውን ማሪስታን አይቷል። ለሴቶች የተለየ ቦታ፣ ለአእምሮ ታማሚዎች ደግሞ መስኮቶቹ በብረት የተሠሩ ሌላ ሰፊ ቦታ እንደነበረና ሁኔታቸውን በየቀኑ የሚከታተሉ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። ሱልጣኑ ራሱ እየጠየቀ ያጣራ ነበር።

◾ ካይሮ፦ የቀላውን ስለት

ከሁሉም የሚልቀው ግን በ1284 (683 ሒ.) የተሠራው የመንሱር ቀላውን ማሪስታን ነው። ቀላውን ገና የጦር አለቃ ሳለ ሶሪያ ውስጥ በሆድ ቁርጠት ታመመ። ከኑሩዲን ማሪስታን መድኃኒት መጥቶለት ዳነ። ሄዶ ቤቱን ሲያየው ተገረመ፤ አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እንዲህ ያለ ቤት እሠራለሁ ብሎ ተሳለ። ሱልጣን ሲሆን ስለቱን ፈጸመ።

የወቅፍ ሰነዱ እስከዛሬ ይታወቃል። ቤቱ ለሀብታምም ለድሃም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለአገሬውም ለእንግዳም ክፍት ነው። ለትኩሳት፣ ለዐይን ሕመም፣ ለቁስል፣ ለአእምሮ ሕመም ለየብቻው ክፍል አለው። ታማሚ እስኪድን ድረስ ይቆያል፤ ክፍያ አይጠየቅም። ለእያንዳንዱ ሰው ምግቡ በራሱ ዕቃ፣ ተከድኖ ይቀርብለታል። በሙቀት ወቅት የሚራገቡበት ማራገቢያ ሳይቀር በሰነዱ ተጽፏል። በ1326 ካይሮን የጎበኘው ኢብን በጡጣ ውበቱን መግለጽ እንደማይቻል ተናግሮ፣ የወቅፉ ገቢ በቀን 1000 ዲናር እንደሚባል ጽፏል።

እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አያስፈልግም። አል-መቅሪዚ እንደሚነግረን ሕንፃው ሲሠራ ሰዎች በግዳጅ እንዲሠሩ ተደርገዋል፤ በዚህም የተነሳ ነገሩን የተቃወሙ ዑለማዎች ነበሩ። መልካም ሥራ በበደል መሠረት ላይ ሲቆም ዝም ያላሉ ሰዎች መኖራቸውም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው።

◾ ሐኪሞቹ ምን ያስቡ ነበር?

ማሪስታን ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀትም ነበረው። በ934 አካባቢ የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» የሚል መጽሐፍ ጽፏል፤ የአካልና የነፍስ ደህንነት ማለት ነው። የዘመኑን ሐኪሞች ለአካል ብቻ ስለሚጨነቁ ይወቅሳል። ሰው ከአካልም ከነፍስም የተሠራ ስለሆነ ሁለቱም ይታመማሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላውን ይጎዳል ይላል። የነፍስን ሕመም በአራት ከፍሎ ያያል፦ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘን እና ወስዋስ። ሐዘንን ደግሞ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ የሚመጣ። ሌላው ያለ ምንም የታወቀ ምክንያት ሰውን የሚጫን ነው። ለዚህኛው የአካል ሕክምናም ያስፈልጋል ይላል። የዛሬ ሐኪም ድባቴን ሲያስረዳ የሚናገረውን ይመስላል።

አል-በልኺ አንድ ጥሩ ምክር አለው። ሰው ለድንገተኛ ሕመም ቤቱ ውስጥ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በደህናው ቀን ለክፉው ቀን የሚሆኑ ጤናማ ሐሳቦችን ማከማቸት አለበት። የሱዳኑ የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ (ረሒመሁላህ) ይህንን የመጽሐፉን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2013 ስለታተመ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል።

በቱኒዝያዋ ቀይረዋን ደግሞ ኢስሐቅ ኢብን ዒምራን የሚባል ሐኪም ስለ «ማሊኹሊያ»፣ ማለትም ስለ ከባድ ድባቴ፣ ራሱን የቻለ ድርሳን ጻፈ። ለሕመሙ ከቆጠራቸው መነሻዎች መካከል የሚወዱትን ልጅ ማጣት ይገኛል፤ ዓሊም የማይተካ የመጽሐፍ ክምችቱን ማጣቱም ይገኛል። ድርሳኑ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ።

ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች ቁርኣን የሚቀሩ፣ ሶላት የሚሰግዱ ሙስሊሞች ነበሩ። የደከመን ኢማን ከታመመ አእምሮ መለየት አልቸገራቸውም። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዐይናቸው እንደነጣ እያነበበ ሐዘን ሁሉ የኢማን ድክመት ነው የሚል ሰው ያነበበውን ይመልከት።

◾ የውሃው ድምፅ

በ1354 አርጉን አል-ካሚሊ በሐለብ (አሌፖ) ያሠራው ማሪስታን እስከ ዘመናችን ደርሷል። ትንንሽ አደባባዮች አሉት፤ በዙሪያቸው የታማሚ ክፍሎች፣ ከመሐላቸው ውሃ የሚፈስበት ገንዳ። በኤዲርኔ ደግሞ ሱልጣን ባየዚድ 2ኛ በ1488 ያስጨረሰው የሕክምና ቤት ስድስት ማዕዘን ባለው ጉልላት ሥር የተሠራ ነው። ከጉልላቱ በታች ውሃ ይፈልቃል፤ ክፍሎቹ ዙሪያውን ይከቡታል፤ ድምፁ እያንዳንዱ ክፍል ይደርሳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያየው ኤውሊያ ቸለቢ ታማሚዎቹ አበባ እንደሚሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ምግብ እንደሚቀርብ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ አሥር የዜማ ባለሙያዎች እየመጡ እንደሚጫወቱላቸው ጽፏል። የሙዚቃ ሑክም ዑለማዎች በሰፊው የተነጋገሩበት ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ቁም ነገሩ፣ ለተጨነቀ ሰው ጸጥታ፣ የውሃ ድምፅና መልካም ሽታ የሕክምናው አካል ተደርገው መታሰባቸው ነው።

◾ ሰንሰለቱና የተበላው ወቅፍ

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። እስካሁን ከጠቀስናቸው ምስክሮች ሦስቱ ሰንሰለት አይተዋል። የሚያረጋጋ መድኃኒት ጥቂት በነበረበት ዘመን የሚቆጣን ሰው መያዣው መንገድ ይኸው ነበር። ዋናው ጥያቄ ከሰንሰለቱ የሚፈታ ሰው ነበረ ወይ የሚለው ነው። በየጠዋቱ የሚመጣ ሐኪም፣ በየወሩ የሚመጣ መርማሪ፣ ሲድኑ የሚመለስ ልብስ እስካለ ድረስ ሰንሰለቱ መጨረሻ ነበረው።

እነዚያ ሲጠፉስ? ሐሰን አል-ወዛን፣ አውሮፓውያን «ሊዮ አፍሪካኑስ» የሚሉት ሰው፣ በወጣትነቱ በሞሮኮዋ ፌዝ ማሪስታን ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። በ1526 ባጠናቀቀው መጽሐፉ የሚነግረን ያሳዝናል። ታማሚዎቹ በሰንሰለት ታስረዋል፤ ምግብ የሚያመጣው ሰው ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የተቆጣውን ይደበድባል። ለምን እዚህ ደረሰ? ምክንያቱንም እርሱው ነግሮናል። ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው የሆስፒታሎቹን የወቅፍ ንብረት ሸጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሎቹ ደሃ ሆነው ቀሩ።

ካይሮም ከዚህ አልዳነችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን የቀላውንን ማሪስታን ሲጎበኝ ያገኘው በጠባብ ክፍሎች ውስጥ ከግድግዳ ጋር የታሰሩ ሰዎችን ነው። ሕንፃው ያው ነው፤ ስሙም ያው ነው። የጠፋው ገቢው፣ ሐኪሙና ጠያቂው ነው። መግቢያው ቀረ፤ መውጫው ተዘጋ።

ወንድምና እህቶች፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የአእምሮ ሕክምና ቤትን መልካም ወይም እስር ቤት የሚያደርገው ግድግዳው አይደለም። ወጪው ተሸፍኗል? ሐኪም በየጠዋቱ ይመጣል? ከውጭ ሰው ይጠይቃል? ሲሻለው የሚቀበለው ቤት አለ? መልሱ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

◾ እኛስ?

በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ተጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከጠረፍ የተነሳ ቤተሰብ ታማሚውን አስሮ ቀናት ተጉዞ ወደዚያ ያመጣ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ቢሆንም አልጋው ከሕዝቡ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። በዚህ መሐል በየገጠሩም በየከተማውም በጓዳ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች አሉ። ያሰሯቸው ብዙ ጊዜ ጨካኞች አይደሉም፤ የሚሄዱበት የጠፋቸው እናትና አባት ናቸው። ግን የጓዳ ሰንሰለት ከባግዳዱ ሰንሰለት የከፋ ነው፤ ሐኪም የለውም፣ መርማሪ የለውም፣ ክረምት የለውም።

ዛሬ አንድ ሰው በከባድ ጭንቀት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ከእውነታ በመለየት ሆስፒታል ቢተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነው። ራሱን እንዳይጎዳ ይጠበቃል፤ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ እንቅልፉ ይመለሳል፤ ከዚያ ቤቱ ሆኖ በቀጠሮ ይከታተላል። መተኛት የሕይወት ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

1. ጓደኛህ ስለ መሞት ቢያወራ «አስተግፊሩላህ በል» ብለህ አትለፈው። ቁጭ ብለህ ስማው፤ ብቻውን አትተወው፤ ለሚያምነው ሰው ተናገር፤ ሆስፒታል ውሰደው።

2. ሩቅያና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም። ቁርኣን እየቀሩለት መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይውሰድ። መድኃኒቱን አስጥሎ፣ አስሮ ወይም ደብድቦ «አወጣለሁ» የሚልን ሰው ግን አትመኑ።

3. ሆስፒታል የተኛን ሰው ጠይቁ። ታማሚን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ ነው። እግሩ የተሰበረውን በብርቱካንና በሙዝ እየጠየቅን አእምሮው የታመመውን የምንሸሸው በየትኛው ደሊል ነው?

4. ሲወጣ ቦታውን ጠብቁለት። ሥራው፣ ጀመዓው፣ በሶፍ ውስጥ ያለው ቦታው ይቆየው። «እብዱ» የሚለው ስም ከበሽታው በላይ ዕድሜ አለው።

5. ሶደቃ ስትሰጡ ይህንንም አስቡ። ጉድጓድ ማስቆፈርና መስጂድ ማሠራት ታላቅ ሥራ ነው። ለአንድ ድሃ ታማሚ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ወጪ መሸፈንም የኑሩዲንና የቀላውን መንገድ ነው። አባቶቻችን ወቅፍ ያደረጉት ለዚህም ጭምር ነበርና።

የደማስቆው የኑሩዲን ማሪስታን ዛሬ ሙዚየም ነው። የኤዲርኔውም ሙዚየም ነው። ሰው እየገባ ያያል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ይወጣል። የእኛ ድርሻ ግን ሙዚየም መጎብኘት አይደለም፤ በሰፈራችን በር ተዘግቶባቸው ያሉትን ማሰብ ነው። ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ ይህንን ጽሑፍ ስልኩ ላይ እያነበበ ይሆናል። አንተ ከሆንክ፣ አንቺም ከሆንሽ፦ ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ሕክምና መሄድ ነውር አይደለም፤ በሽታው መድኃኒት አለው።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥልን፤ እኛንም በጭንቅ ቀን ሰው ከሚሸሹት ሳይሆን ሰው ከሚደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።